ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ላላችሁ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ምግባቸውና ስለ ጠባያቸው ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ልጆቹ ካደጉና ሥራ ከያዙ በኋላ ስለሚመጣው ጭንቀት ነው። ልጅ ሲያድግ ጭንቀቱ ያልቃል ያለው ማን ነው? ልጅ ሲያድግ ጭንቀቱም አብሮ ያድጋል።

በየቤታችን ፖሊስ የሆነ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ አይጠፋም። ሲመረቅ ሰልፉን ለማየት ሌሊት ተነስተን ሄደናል፣ ፎቶግራፉን አሳጥበን ሳሎን ሰቅለናል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የወር ነው፣ ለታናናሾቹ ደብተር ይገዛል፣ ለአረፋም ሆነ ለፋሲካ ቤቱን አይረሳም። ታዲያ ይህ ልጅ አንድ ቀን ከሥራው መጥቶ «የታዘዝኩት ነገር ልክ አይደለም» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ብዙዎቻችን የምንመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «ጎመን በጤና!» እንላለን። ነገሩ እዚያው ይዳፈናል። የተዳፈነ እሳት ደግሞ እንደሚሆነው ይሆናል።

እኔ የምኖረው ብድሬ ነው፣ በመዳ ወላቡ ወረዳ። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን ብርድ፣ የሐረናን ጫካና ደሎ መናን አልፎ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፤ ከደጋው ብርድ ወርዶ ቆላ ይገባል። አገሩ ግን ስመ ጥር ነው። መዳ ወላቡ የገዳ ሕግ የተደነገገበት ተብሎ በኦሮሞ ሽማግሎች የሚወሳ ስፍራ ነው፤ ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳ ሥልጣን የሚይዘው ለ8 ዓመት ነው። ስምንቱ ዓመት ሲሞላ ለተከታዩ ያስረክባል። ከዚያ በፊት ሕግ ከጣሰ ደግሞ ጉባኤው ሊያወርደው ይችላል፤ ይህም «ቡቂሱ» ይባላል፣ መንቀል ማለት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በሌላው አገር ሲነገር የኖረ ነው። እዚህ ግን ሹም የሚነቀልበት ሕግ ከድሮም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ስለ አገሬ ለመኩራራት አይደለም፣ ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

የእኔ ትውልድ የባሌን ዓመፅ በልጅነቱ ያየ ነው። በ1955 ዓ.ም. ገደማ በኤል ከሬና በገናሌ አካባቢ የተጀመረው ዓመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘልቋል። መነሻው የመሬት ግብር፣ የቃላድ ልኬት፣ ግብር አልከፈልክም ተብሎ መሬት መነጠቅ፣ ጉቦ የለመደ ሹምና ሰሚ ያጣ አቤቱታ ነበር። ከመሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የዚሁ አካባቢ ሰው ዋቆ ጉቱ ነው። መንግሥት ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ነጭ ለባሽ አዘመተ። በእኛ ቤት የእናቴ ወንድም ጫካ ነበር፣ የአባቴ ወንድም ነጭ ለባሽ ነበር። ሁለቱም የሚበሉት ጭኮ የሚዘጋጀው በአንዲት ሴት እጅ፣ በአንድ ምድጃ ላይ ነበር። እናቴ ለአንዱ ስትቋጥር ለሌላው ታለቅስ ነበር። መንግሥትና ዓመፀኛ የሚባሉት ሁለት ቃላት ለሌላው ሰው ፖለቲካ ናቸው። ለእኛ አጎቶቻችን ነበሩ።

አሁን ወደ ቤቴ ጉዳይ ልምጣ። የልጄ ልጅ የፖሊስ ወንጀል መርማሪ ነው። የሚሠራው ከብድሬ ርቆ በሚገኝ አንድ ከተማ ነው፤ ከተማውንም ጣቢያውንም አልጠራም። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ ጠያቂ ነበር። ፍየል ስትጠፋ ኮቴ ተከትሎ የሚያመጣው እሱ ነበር። መርማሪ ሆነ ሲባል ያልተገረምነው ለዚህ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ማታ ደወለ። «አኮ» ይለኛል፣ እንደ አገራችን ልማድ አያቱ ስለሆንኩ። በጣቢያው አንድ ወጣት ተይዞ ቀርቧል። አለቃው የተጠርጣሪው ቃል ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶት «ቃሉን የተቀበልከው አንተ ነህ፣ ፈርም» ብሎታል። ልጁ ደግሞ ወጣቱን ከነጭራሹ አላነጋገረውም። «ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አልፈርምም» አለ። በማግስቱ ከምርመራ ክፍል ተነሥቶ በር ጠባቂ ሆነ። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ድምፁ ዝቅ አለ። «አኮ፣ ይሄን ልብስ ላውልቀውና ከሚቃወሟቸው ጋር ልሰለፍ? ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እናቱ ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። እሷ ልጇ ከእንጀራው እንዳይነቀል፣ ከዚያም አልፎ እንዳይታሰር ትፈራለች። አጎቱ ደግሞ «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን ነው!» ብሎ በአንድ ቀን ጀግና ሊያደርገው ይፈልጋል። ሁለቱም እኔን ያያሉ። ለልጁ የነገርኩት ምክር ሳይሆን ታሪክ ነው። ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም።

ጄኔራል ታደሰ ብሩ የሰላሌ ሰው ነው። ጣልያን አገራችንን ሲወር ገና ወጣት ነበር፤ ተይዞ ሞቃዲሾ ታስሯል። ከነፃነት በኋላ ወታደር ሆነ፣ ቀጥሎም ወደ ፖሊስ ተዛወረ። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ ለመሆን በቃ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ታደሰ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመ። መንግሥት «የእኔ» ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነበር ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም. አንድ ከደቡብ አፍሪካ በድብቅ የወጣ ጠበቃ አዲስ አበባ መጣ። ኔልሰን ማንዴላ ነው። ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተሰጠው። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ድርጅቱ ወደ አገሩ ስለጠራው ግን ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተቋረጠ። ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ ላይ እንደጻፈው፣ ሊሄድ ሲል ኮሎኔል ታደሰ አንድ አውቶማቲክ ሽጉጥና 200 ጥይት ስጦታ ሰጠው። ማንዴላ አገሩ እንደተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ተያዘና 27 ዓመት ታሰረ። ያንን ሽጉጥ በሊሊስሊፍ እርሻ ተቀብሯል ተብሎ ለዓመታት ፈልገውታል፣ አላገኙትም።

እስቲ ነገሩን አስቡት። የአንድ ንጉሥ የፖሊስ አዛዥ፣ በሌላ አገር መንግሥት ላይ የሚያምፅን ሰው ያሠለጥናል። ያን ጊዜ በታደሰ ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። ግን ሰው ለሌላው አገር ግፍ ዐይኑ ከተከፈተ፣ በገዛ ቤቱ ያለውን ሳያይ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ታደሰ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም መሪ ሆኖ ሠርቷል። ገበሬው ፊደል እንዲቆጥር ይተጋ ነበር። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ታደሰ ኦሮሞ መሆኑን ሳያውቁ፣ ኦሮሞን ለማስተማር ያን ያህል መጣደፍ እንደማያስፈልግ መከሩት ይባላል። ነገሩ በዚሁ መልክ ተነግሮም ከሆነ ተጨምሮበት፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የታወቀ ነው። ታደሰ በ1956 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቀለ። ማኅበሩ የተቋቋመው ቀደም ብሎ በ1955 ዓ.ም. ነው። ዓላማው በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ መሥራት ነበር። ጄኔራሉ ሲገባበት ሕዝብ በብዛት ተከተለው፤ በ1958 ዓ.ም. በአርሲ ኢተያ የተደረገው ስብሰባ እስከ ዛሬ ይወሳል።

ትምህርት ቤት እንሥራ ብሎ የተነሳ ማኅበር በመንግሥት ዐይን ሥጋት ሆነ። በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታደሰ ወደ ኃይል አዘነበለ፣ ሙከራው ግን አልተሳካም። አዲስ አበባ ውስጥ በሲኒማ ቤት ቦምብ ፈነዳ፣ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፣ ማኅበሩም ታገደ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጣ። የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው ጠበቃ ኃይለማርያም ገመዳ በምርመራ ወቅት በደረሰበት ስቃይ ምክንያት እንደሞተ የማኅበሩ ታሪክ ይናገራል። ይህን ስፍራ ለልጄ ልጅ ስነግረው ዝም አለ። መርማሪ ነውና «በምርመራ ወቅት» የሚለው ቃል ምን እንደሚሸፍን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ታደሰ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለትና ሐረርጌ ገለምሶ ላይ ተግዞ ኖረ። የ1966ቱ አብዮት ነፃ አወጣው። ከደርግም ጋር ግን አልተስማማም፤ ዳግመኛ ሸፈተ፣ ተያዘ፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ተረሸነ። መሬት ለአራሹ የታወጀው በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን ነበር። ገበሬው መሬቱን ባገኘ ማግሥት፣ ለገበሬው ልጅ ፊደል የታገለው ሰው ሞተ።

ለልጁ ይህን ታሪክ የነገርኩት «አንተም እንደ ታደሰ ሁን» ለማለት አልነበረም፤ «ተጠንቀቅ፣ እንደ ታደሰ ትሆናለህ» ለማለትም አልነበረም። ከታሪኩ ሦስት ነገር እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው።

አንደኛ፣ ታደሰ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። ከእስር እስከ ሹመት፣ ከሹመት እስከ ማኅበር ዓመታት ፈጅቶበታል። በአንድ አለቃ ተናዶ ልብስ ማውለቅና ዓላማ መያዝ የተለያዩ ናቸው። ንዴት እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፣ ሲመጣ ድንጋይ ያንከባልላል፣ በሦስተኛው ቀን ደረቅ አሸዋ ነው። ልጁ የሚሰማው ንዴት ከሆነ ይብረድለት። ዓላማ ከሆነ ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ ታደሰ በጣም የተፈራው ትምህርት ቤት ሲሠራ ነው። ጠመንጃ ሲያነሳ ግን መንግሥት ምን እንደሚያደርገው አወቀ፣ ለጠመንጃ የተዘጋጀ መልስ ነበረውና። እኛ ባሌዎች ይህን በቤታችን አይተነዋል። የባሌ ዓመፅ ሰባት ዓመት ፈጅቶ የተቋጨው በንግግር ነው፤ ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጁን የሰጠው ከጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ጋር ተነጋግሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ስንት ከብት ተነዳ፣ ስንት ጎጆ ተቃጠለ፣ ስንት እናት ከል ለበሰች! የእናቴ ወንድም አልተመለሰም። የአባቴ ወንድም ተመለሰ፣ ግን እስኪሞት ድረስ ከሰው ዐይን ይሸሽ ነበር።

ሦስተኛ፣ በመታዘዝና በማመፅ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ልጁ ሁለት በር ብቻ ነው የታየው፤ አንደኛው ፈርሞ ዝም ማለት፣ ሁለተኛው አውልቆ መሄድ። ሌሎች ሰዎች ግን ሦስተኛ በር አግኝተዋል።

ከምርጫ 97 በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሳው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ። ነገሩን እንዲያጣራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትሉ ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ተቃዋሚዎች አልነበሩም። መንግሥት የሾማቸው፣ «ቁጠሩ፣ መርምሩ» የተባሉ የሕግ ሰዎች ናቸው። ቆጠሩም፦ 193 ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፣ 763 ቆስለዋል። የተወሰደው እርምጃም ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው ደመደሙ። ድምዳሜውን እንዲለውጡ ጫና ሲመጣባቸው፣ ሁለቱ አገር ጥለው ወጡና ያገኙትን በ1999 ዓ.ም. ለዓለም ተናገሩ። ጥይት አልተኮሱም፣ ፓርቲ አልመሠረቱም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 193ን 193 ብለው መጥራት። በስደት ከፍለውበታል። ይሁን እንጂ ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ሰው ሁሉ የእነሱን ቁጥር ሳይጠቅስ አያልፍም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

ብርቱካን ሚደቅሳንም አስታውሱ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳለች፣ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ አዘዘች። ሰውየው ከፍርድ ቤት እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። የያዛቸው ፖሊስ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ዳኛዋም ሕጉ ያዘዛትን ፈጸመች። ሁለቱም ታዛዦች ነበሩ፣ የታዘዙት ግን ለተለያየ ነገር ነው። በኋላ ብርቱካን ወንበሩን ለቃ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆነች። ታሰረች፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጣች፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተመልሳ ገባች፣ እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም. እዚያው ቆየች። በዚያ ጊዜ እንዲጠይቋት ይፈቀድላቸው የነበሩት እናቷና ትንሽ ልጇ ነበሩ። አያቶች የሆናችሁ ይህን ልብ በሉ። አንድ ሰው በአቋሙ ሲጸና ስንቁን የምትቋጥረው፣ የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወህኒ በር ላይ የምትቆመው አያት ናት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ብርቱካን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች። የከሰሳት መንግሥት አልፎ ሌላ መጥቶ፣ ምርጫ እንድታስፈጽም ተጠራች። እንዲህ ይሆናል ብሎ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም፣ እሷም ለሹመቱ ብላ አልታሰረችም።

እዚህ ላይ ወላጆች ማወቅ ያለብን ሕግ አለ። ልጆቻችን ይማሩታል፣ እኛ ግን ስለማናውቀው «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» እንላቸዋለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም፤ እንደ ብድሬ ራቅ ላለ ሰው ይህም ታስቦበታል ማለት ነው። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው። በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 18 ደግሞ ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 424 ላይ፣ ተጠርጣሪን ለማናገር ብሎ የሚያስፈራራ፣ የሚያሠቃይ ወይም የሚደበድብ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመም ይጠየቃል።

ስለዚህ የልጄ ልጅ «አልፈርምም» ሲል መንግሥትን አልተቃወመም። መንግሥት ራሱ ያወጣውን ሕግ ነው የጠበቀው። ይህን ለእናቱ ሳስረዳት ትንሽ ቀለል አላት። ልጇ ዓመፀኛ መሆኑ ነበር ያስፈራት፣ ሕግ አክባሪ ሆኖ አገኘችው። እርግጥ ሕግ አክባሪ መሆንም ከበር ጠባቂነት አላዳነውም። ይህንም ደብቀን አናስተምር። ልክ የሠራ ሁሉ ይሸለማል ብለን ልጆቻችንን ካሳደግን፣ የመጀመሪያው ቅጣት ሲደርስባቸው «አያቴ ዋሽታኛለች» ይላሉ።

ታዲያ ለልጁ ምን አልኩት? ልብሱን አውልቅም አታውልቅም አላልኩትም፤ ለብሶት የሚያድረው እሱ ነው። የሚከተለውን ግን ነገርኩት።

የሆነውን በቀኑና በሰዓቱ ለራስህ ጻፍ፣ ያየኸውን ብቻ፣ የሰማኸውን ለይተህ። መርማሪ አይደለህ? ራስህን መርምር። ቀጥሎ ቅሬታህን በአፍህ አትጩኸው፣ በጽሑፍ ለበላይ አቅርበው፣ ቅጂውን ያዝ። ያ ወጣት ዛሬም እስር ቤት ከሆነ ጉዳዩ ካንተ ዝውውር ይበልጣል፤ የሕግ ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ እንዲያውቀው የሚያደርግ መንገድ ፈልግ። ከሥራ ለመልቀቅ ከቆረጥክ በሕጉ መሠረት ጠይቀህ ልቀቅ። ፖለቲካ ውስጥ መግባት ከፈለግህ ዜጋ ነህ፣ መብትህ ነው፤ ግን ዩኒፎርሙን ለብሰህ አይደለም። የፖሊስ ልብስ ለብሶ የፓርቲ ሰው መሆን፣ አንተን አሁን ካስቆጣህ ነገር ጋር አንድ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው፣ ስምህን የሚያሞግስ ይሁን ቂምህን የሚቆሰቁስ፣ መሣሪያ እንድትይዝ ቢጠራህ የእናቴን ምድጃ አስብ።

ልጁ እስካሁን በር ላይ ነው። ቅሬታውን በጽሑፍ አስገብቷል፣ መልስ አልመጣም። ወጣቱን ግን ጠበቃ አግኝቶታል፤ ያ ወረቀትም ያለ ልጁ ፊርማ ቀርቷል። ልጁ ሕግ መማር ጀምሯል፣ ደመወዙ ለክፍያው ስለማይበቃ እናቱ አንዲት ላም ሸጣለች። «ጎመን በጤና» ስትል የነበረችው እናት ናት። እሷ ሰበብ አድርጋ የምትናገረው ግን ሌላ ነው፤ «ላሟ ወተት ቀንሳ ነበር» ትላለች። እኛም እናምናታለን።

እንግዲህ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ ለእረፍት ሲመጣ ስለ ደመወዙና ስለ ማዕረጉ ብቻ አትጠይቁት። ቡናው እየተቆላ «ባለፈው ወር ከሠራኸው ሥራ የኮራህበት የቱ ነው?» በሉት። ካልመለሰላችሁ አትጫኑት፣ ጊዜ ስጡት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ደግሞ በእሱ ፊት አትተርቱ፤ ከጉርሻ ጋር የሚዋጥ መርዝ ነው። ይልቅ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን አስታውሱት። በቅሎ ያክል ነገር በፍርድ ቢሄድ ሰው ይችለዋል። ያለ ፍርድ የሄደች አንዲት ጭብጦ ግን ዘመን ተሻግራ ትቆጠቁጣለች፤ የባሌ ዓመፅም የተነሳው ያለ ፍርድ ከሄደ መሬት ነው።

ያ በጣቢያ የታሰረው ወጣት አያት አለችው። አላውቃትም፣ ብድሬ ትኑር ሌላ አገር አላውቅም። ልጃችን ብዕሩን ያስቀመጠላት ግን እሷ ናት። ልጆቻችሁ ሲያመነቱ ይህችን ሴት ንገሯቸው።